6 ሰዓት ስንት በመቶ ነው?

ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ከተሜ ማግኘት ይከብዳል። አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ሰው የማያዝዘው ነገር መስሏል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሪፖርት ይቀርባል፤ «ሲስተማችን 99 ነጥብ ምናምን በመቶ አገልግሎት ላይ ነበር» ይባላል። ወረፋ ላይ የዋለው ሰው ይህን ሲሰማ «ውሸታሞች!» ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ግን ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገሩ ያለው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ተቆጠረ የሚለው ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተቋረጠበት ሰዓት ለጠቅላላው ሰዓት ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። አንድ ሲስተም ለ6 ሰዓት ጠፋ እንበል። ሪፖርቱ ያን ዕለት ብቻ ከያዘ መቋረጡ 25 በመቶ ነው። ሳምንቱን ከያዘ 3.6 ገደማ፣ የ30 ቀን ወር ከሆነ 0.83፣ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ 0.07 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያው 6 ሰዓት ነው፤ የሰፋው ማካፈያው ብቻ ነው። ቀኑን የሚመርጠው ደግሞ ሪፖርት አቅራቢው ራሱ ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይ ነገሩ ይብሳል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ 120 ሰዓት። ያ 6 ሰዓት ጳጉሜን ላይ ከወደቀ የወሩ መቋረጥ 5 በመቶ ይሆናል። የ13ቱን ወራት መቶኛ ደምሮ ለ13 የሚያካፍል ባለሙያ የዓመቱን መቋረጥ ከእውነተኛው ከአምስት እጥፍ በላይ አሳብጦ ያወጣዋል። ጳጉሜንን «ትንሽ ናት» ብሎ የሚዘላት ደግሞ መቋረጡን ጨርሶ ያጠፋዋል።

የበጀት ዓመት መዝጊያም እንደዚሁ ነው። ሲስተሙ ሰኔ 30 ከምሽቱ 4 ሰዓት ጠፍቶ ለሐምሌ 1 አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተመለሰ እንበል። በትክክል ከተቆጠረ 2 ሰዓቱ ያለፈው ዓመት፣ 4ቱ የአዲሱ ነው። ነገር ግን «በተመረጡት ቀናት ውስጥ ጀምሮ ያለቀ» መቋረጥን ብቻ የሚደምር ሪፖርት ከሆነ በሁለቱም ዓመት ውስጥ አይገኝም። ማንም አልዋሸም፤ 6 ሰዓት ግን የትም የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው «ጠፋ» የሚባለው ምኑ ነው የሚለው ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን የረሳ የለም። ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ንጋት ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። በመቶኛ ስሌት እነዚያ ሰዓታት እንዴት ይቆጠራሉ? ሲስተሙ እየሠራ ነበር! ኤቲኤሙ ብር ይቆጥራል፣ ዝውውሩ ያልፋል። «መቋረጥ» ተብሎ የሚመዘገበው ባንኩ ጉዳቱን ለመግታት አገልግሎቱን የዘጋበት ጊዜ ነው። መቶኛው የሚያየው መብራትና ማጥፊያውን ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን አያይም።

ቀድሞ ይህ የባንክ ቤት ጣጣ ነበር። አሁን አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። ለታክሲ ሾፌር ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት መቋረጡና ከሌሊቱ 9 ሰዓት መቋረጡ አንድ አይደለም፤ በሪፖርቱ ግን ሁለቱም 60 ደቂቃ ናቸው። ደመወዝ የሚገባበት ቀንም እንደዚሁ። አንዳንድ ተቋማት ደግሞ «ለሲስተም ማሻሻያ» ብለው ቀድመው ያስታወቁትን ሰዓት ከቆጠራ ያወጡታል። መኪናው ታንከሩ ባዶ ሆኖ ለቆመበት ሰው ማስታወቂያው ምን ይፈይድለታል?

ስለዚህ ከባንኮች፣ ከቴሌኮምና ከመብራት ኃይል መጠየቅ ያለበት የተሻለ መቶኛ አይደለም፤ ጥሬው መዝገብ ነው። የትኛው አገልግሎት፣ የት ከተማ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ጠፋ? ይህ ለሕዝብ ክፍት ይሁንና ቀኑን ደንበኛው ይምረጥ። የፈለገ ጳጉሜንን፣ የፈለገ የበዓል ዋዜማን፣ የፈለገ የወሩን መጨረሻ ሦስት ቀን ለይቶ ያስላ። ማካፈል የማይችል ባለሱቅ የለም። መረጃው ደግሞ በየተቋሙ አለ፤ ባይኖርማ ያ 99 ነጥብ ምናምን ከየት ይመጣ ነበር?