በቀቀን አቮካዶ አይበላም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተጨቃጨቅሁ። በሩ አጠገብ በተሰቀለ የሽቦ ቤት ውስጥ ጅራቱ ቀይ የሆነ ግራጫ በቀቀን አለ። አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፤ ልጁ ከስፕሪሱ አረንጓዴውን በማንኪያ እየጨለፈ ለወፉ ያጎርሰዋል። ደንበኛው ይስቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አረንጓዴው አቮካዶ ነው። አቮካዶ ደግሞ ለወፍ መርዝ ነው። ፐርሲን የሚባል ነገር አለበት፤ የልብ ጡንቻን ይጎዳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አንዳንዴም በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ማንኪያውን ከልጁ እጅ ወሰድኩ። እናቲቱ ደነገጠች፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን አመሰገነችኝ። ያናደደኝ የቤቱ ባለቤት ነው። «ሁልጊዜ ይሰጡታል፤ እስካሁን ምንም አልሆነም» አለኝ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዚህች አባባል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። የግቢ ውሻን ሽንኩርት በበዛበት ወጥ ትርፍራፊ ስለሚያሳድጉ ሰዎች የጻፍኩ ጊዜም የጎረፈልኝ መልስ ይኸው ነበር። በበቀቀን ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። ዱር ውስጥ ታሞ መታየት ለአሞራ ራስን ማሳየት ስለሆነ፣ አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ደህና መስሎ ይቆማል። ላባውን ነፍቶ ጥግ ሲይዝ ባለቤቱ «ዛሬ ምን ነካው?» ይላል፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከወራት፣ ምናልባትም ከዓመታት በፊት ነው።

የምግብ ዕቃውንም አየሁት። የሱፍ አበባ ፍሬ ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ብቻ የሚኖር በቀቀን ይወፍራል፣ ጉበቱ ስብ ይቋጥራል፤ የአፉና የመተንፈሻው ስስ ሽፋን እየጠጠረ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ግራጫው ዝርያ ካልሲየም ሲያጥረው ይንቀጠቀጣል፣ ከቆመበት እንጨት እስከ መውደቅ ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ አርባና ሃምሳ ዓመት ሊኖር የሚችል ፍጡር ነው። ፍሬ ቀላቅሎ መስጠትም ብዙ አይረዳም፤ በቀቀን ሱፉን ለቅሞ ሌላውን ይበትነዋል። ባለቤቱ ወፉን አይወደውም አላልኩም። በስሙ ይጠራዋል፣ ጭንቅላቱን ያክለታል። ሆዱን መሙላትና መመገብ አንድ መስሎት ነው እንጂ።

ስለዚህ ጉዳይ የተማርኩት ከጎረቤቴ ልጅ ነው። ዱባይ ለዓመታት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። አሠሪዎቿ ካስኮ ነበራቸው፤ በዚያ አገር ግራጫውን በቀቀን እንደዚያ ይሉታል። ማለዳ ከልጆቹ ቁርስ በፊት የወፉን አትክልት መክተፍ የእሷ ሥራ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ካሮቱን እያነሳ ይወረውርብኝ ነበር» አለችኝ። «በኋላ ፊት ለፊቱ ቆሜ እኔው መብላት ጀመርኩ። ስበላ ሲያይ ጊዜ አንገቱን አስግጎ ለመነኝ።» ጎመኑን አጥባ እርጥቡን ከሽቦው ላይ ትሰቅልለት እንደነበር፣ በየሳምንቱም በኩሽና ሚዛን ትመዝነው እንደነበር ነገረችኝ። ክብደቱ ሲቀንስ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። ይህን የመሰለ እውቀት ይዘው የተመለሱ ስንት ልጆች እንዳሉ አስባለሁ፤ ምን ታውቃላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ግን አላየሁም።

«ሰው ሳይጠግብ ስለ ወፍ ምግብ ትጽፋለህ?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ወፉ ሽቦ ውስጥ የገባው ለምኖ አይደለም። ደግሞም አንድ እስር ጎመን ከአንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ይረክሳል።

ለበቀቀን የሚሆነው ምግብ ጉሊት ላይ ያልጠፋ ነገር ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ፓፓያ፣ ማንጎ። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ምስርና ባቄላ፤ ጥሬ ባቄላ ግን አይሰጥም። ከእህል ዳጉሳን የሚያህል የለም፤ በካልሲየም ከእህል ዘር ሁሉ ይበልጣል። ምስርን ወይም ማሽላን ዘፍዝፎ ጎንቆል ሲያወጣ መስጠት ደግሞ ከደረቁ ፍሬ በእጅጉ ይሻላል። ቃሪያም ይወዳሉ፤ ወፎች የሚያቃጥለው አይሰማቸውም። ይህን ያዩ ሰዎች ሚጥሚጣ የነካ ጥብስ ሲያጎርሷቸው አይቻለሁ። ሚጥሚጣው ባያቃጥለው ጨውና ቅባቱ ይጎዳዋል። ቡናም፣ ማኪያቶም፣ ቸኮላትም አይሆኑትም። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ ከሁሉ ይከፋል፤ ጉበት ይበላል። የጠዋት ፀሐይም የምግቡ አካል ናት፤ ያለ እሷ ካልሲየሙ በደንብ አይሠራም። የመስኮት መስታወት ግን ለዚህ የሚጠቅመውን የፀሐይ ጨረር አያሳልፍም፤ የሽቦ ቤቱን ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ወደ ጥላ የሚሸሽበት ጥግም አብሮ።

በዱር ያለ በቀቀን ቀኑን በአብዛኛው ምግብ ሲፈልግ ይውላል። ይበራል፣ ይፈለፍላል፣ ይቀምሳል፣ ይጥላል። ፔሩ ውስጥ ታምቦፓታ በተባለው ደን በመቶ የሚቆጠሩ በቀቀኖች ጠዋት ጠዋት ገደል ላይ ተለጥፈው ሸክላ አፈር ሲበሉ ለማየት ሰው ከሩቅ ይሄዳል፤ በምግባቸው ያጡትን ጨው የሚያገኙት ከዚያ ነው። የእኛው ሽቦ ውስጥ ያለው ግን ዕቃው ሞልቶለት በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ ቀሪውን ቀን የራሱን ላባ ይነቅላል። ስለዚህ ምግቡን ወረቀት ውስጥ ጠቅልሉለት፣ በቆሎውን ከነቆረቆንዳው ስጡት፣ ይሥራበት።

እንዲህ ስል የራሳችን በቀቀኖች ትዝ አሉኝ። እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴዎች፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የሉም። ባለቢጫ ግንባሩ ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ወንዶ ገነት ወይም መናገሻ ሱባ ደን የሄደ ሰው ጩኸቱን ሳይሰማው አይቀርም። ትንንሾቹ አዲስ አበባ ውስጥም አሉ። የጽድ ፍሬና ሾላ ይበላሉ። እነሱን የሚመግባቸው ዛፉ ነው፣ ዛፉን ደግሞ እየቆረጥን ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ኮረብታዎቻችንን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለእነሱ የሚሆን ፍሬ የለውም። አሮጌ ግቢ ፈርሶ ሕንፃ ሲቆም መጀመሪያ የሚወድቀው ጥግ ላይ የቆመው ጽድ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አይቆጥረውም። ይህ ከጁስ ቤቱ ነገር ይልቅ ያሳዝነኛል።

ዛፍ እንትከልላቸው ብንል፣ ሾላ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ሁሉም ሰው አይተክለውም። የሐበሻ ጽድ ግን አጥር ዳር ይበቅላል፣ ችግኙም አይጠፋም። አንድ ብቻ አትትከሉ። ጽድ ወንድና ሴት አለው፣ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ናት፤ ችግኝ ሳለ ደግሞ አይለይም። ሦስት አራት ትከሉ።