ከእንስሳ የሚገኝ የልብ ቫልቭና የእስልምና ድንጋጌ

በጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። ቫልቭ ማለት ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የሚያደርግ፣ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። ክፉኛ ሲበላሽ ከካርቦን በተሠራ፣ አለዚያም ከአሳማ ወይም ከከብት በተገኘ ቫልቭ ይተካል። የአሳማ ቫልቭ ለሰው መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በፓሪስ ነው።

«አሳማ» የሚለው ቃል ሲነሣ ገና ከመነሻው «ሐራም ነው» ብሎ ነገሩን የሚዘጋ አለ፤ «ሃይማኖት የሳይንስ እንቅፋት ነው» የሚልም አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ቸኩለዋል።

ቅዱስ ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 173 የአሳማን ሥጋ መብላት ይከለክላል፤ በዚያው ቁጥር ግን ሳይፈልግና ወሰን ሳያልፍ የተገደደውን ሰው ከኃጢአት ነጻ ያደርገዋል። ከዚህ በመነሣት ዑለማዎች «ግዴታ የተከለከለውን ይፈቅዳል» የሚለውን መርሕ ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ የሃይማኖት ሊቃውንትና ሐኪሞችም ከአሳማ የሚገኘውን ኢንሱሊን ለስኳር ሕሙማን በዚሁ ምክንያት ፈቅደዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዘረመሉ የተለወጠ የአሳማ ልብ ለሰው ሲተክሉ፣ ከመሪዎቹ አንዱ ሙስሊሙ ዶክተር ሙሐመድ ሞሂዩዲን ነበሩ። ታካሚው ሁለት ወር ያህል ኖሯል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ግዴታ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ሌላ አማራጭ ካለ ግዴታው ይላላል፤ አማራጭ መኖሩን የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው። የካርቦኑ ቫልቭ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ሆኖም ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ዕድሜ ልክ መውሰድንና ደምን በየጊዜው መመርመርን ይጠይቃል። መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ ለምታስብ ወጣት ከባድ ነው። ከጤና ተቋም ርቆ በጌዴኦ ተራሮች ለሚኖር ገበሬም ምርመራው ቀላል አይሆንም። ከእንስሳ የተገኘው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ይህን አያስገድድም፤ ነገር ግን በወጣቶች ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

ስለዚህ ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ቫልቩ ከምን እንደተሠራና ምን አማራጭ እንዳለው ሊነገረው ይገባል እንላለን። አሳማ ለማይበላው ኦርቶዶክሳዊ ወንድማችንም ይኸው መብት ነው። «ይደነግጣል» ብሎ መደበቅ ታካሚውን አይጠቅምም፤ ሼኹም የተሟላ መረጃ ሳይቀርብላቸው ትክክለኛ ፈትዋ ሊሰጡ አይችሉም። ነገ ሐኪም የምትሆኑ ተማሪዎቻችን ይህን ከወዲሁ ልብ በሉ።