የማይነካ ኮድ ስንት ያወጣል?

በኦገስት 2022 ጊትላብ በነጻ ከሚገለገሉ ደንበኞቹ ሪፖዚተሪዎች፣ ማለትም የኮድ ማኅደሮች፣ ለ12 ወራት እንቅስቃሴ ያልታየባቸውን ሊሰርዝ ማሰቡ ተዘገበ። እርምጃው በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ያድናል ተብሎ ነበር። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ማኅደሮቹ እንደማይሰረዙ፣ ዘገምተኛ ወደ ሆነ ቋት እንደሚዛወሩ አስታወቀ። ዕቅዱን የወለደው ስሌት ግን አልተሰረዘም።

ስሌቱ እንቅስቃሴን የጥቅም መለኪያ ያደርጋል። በዘገባው መሠረት በዓመት አንድ አስተያየት የተጻፈበት ማኅደር ይተርፍ ነበር፤ ተጠናቆ፣ ስሕተቱ ታርሞ፣ የሚነካው ያጣ ኮድ ግን ይጠፋ ነበር። በማርች 2016 ሌፍት-ፓድ የተባለችውን የ11 መስመር ኮድ ደራሲዋ ከኤንፒኤም ሲያነሣት፣ ስሟን እንኳ ሰምተው በማያውቁ መሐንዲሶች እጅ ያሉ ፕሮጀክቶች ተሰናከሉ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መልሶ ሊያወጣት የቻለው ቅጂዋ ስለነበረው ብቻ ነው።

የቋቱን ወጪ የሚከፍለው አንድ ኩባንያ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለማይታወቁ ብዙዎች ይበተናል። ስለዚህ የኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ጥቅሙን አያየውም። በዚያ ላይ ማቆየት በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር የሚችል ውሳኔ ሲሆን መሰረዝ አይቀየርም። የሁለቱን ዋጋ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የኢኮኖሚክስ ጀማሪ ተማሪም የሚታረምበት ስሕተት ነው።

ኩባንያዎች ለዘለዓለም በነጻ ይሸከሙ የሚል የለም። ጎግል ኮድ መዘጋቱን በማርች 2015 አስታውቆ፣ ማኅደሮቹን ለንባብ ብቻ ክፍት አድርጎ፣ በጃንዋሪ 2016 ዘጋ፤ ክምችቱንም በድረ ገጽ አቆየ። ቢትባኬት በ2020 የመርኩሪያል ማኅደሮችን ሲያስወግድ፣ በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ የተመሠረተው ሶፍትዌር ሄሪቴጅ ከኦክቶበስ ጋር ሆኖ ከ200,000 በላይ የሚሆኑትን አዳነ።

«የፈለገ ይቅዳ» የሚለው መልስ ግን ማታለያ ነው። በጊት የተቀዳ ማኅደር የኮዱን ሙሉ የለውጥ ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ የስሕተት ሪፖርቶቹና አንድ ለውጥ ለምን ውድቅ እንደተደረገ የሚያሳዩት ክርክሮች ግን በኩባንያው ዳታቤዝ ይቀራሉ። የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ቢሆን የሚላከው ለባለቤቱ ነው፤ የሞተ ሰው ኢሜይል አይከፍትም። ለመሰረዝ የሚሻ ኩባንያ ኮዱንም ክርክሩንም አስቀድሞ ለሕዝብ ማኅደር ያስረክብ፤ ከዚያ በኋላ ቋቱን እንደ ወደደ ያጽዳ።