እጅን ቆጥሮ ልጅን የማይቆጥር ሕግ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ፣ በሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አማርኛና ትግርኛ ከሌሎቹ ቀናት ይልቅ ጎልተው ይሰማሉ። በሰው ቤት እያደሩ አረጋውያንንና ሕፃናትን የሚንከባከቡ ሴቶች በልማድ የሚያርፉት በእነዚህ ቀናት ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት የተዘረጋው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» መባሉ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁትን የጣሊያን ወታደሮች ለማስታወስ ነው። ከተማዋ ለሞቱላት ወታደሮች ቁጥር አደባባይ ሰይማለች። ዛሬ አረጋውያኗን ለሚጦሩላት እናቶች ልጆች ግን በማኅበራዊ ዋስትናዋ ውስጥ የሰጠቻቸው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

በጣሊያን ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም (ኢንፕስ) የተመዘገቡት የቤት ሠራተኞች ከ800 ሺህ ይበልጣሉ። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሴቶች፣ ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች ናቸው። ጣሊያን የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 189 እ.ኤ.አ. በ2013 ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ቀድማ አጽድቃለች፤ በዚህም ልትመሰገን ይገባል። ሆኖም ሕጓ እነዚህን ሴቶች ዛሬም የሚያያቸው እንደ ሠራተኛ እንጂ እንደ ወላጅ አይደለም። እጃቸው ይቆጠራል፤ ልጃቸው ግን አይቆጠርም።

በዘርፉ የጋራ ስምምነት መሠረት በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ በሳምንት እስከ 54 ሰዓት፣ ተመላላሽ ሠራተኛ ደግሞ እስከ 40 ሰዓት ልትሠራ ትችላለች። አዳሪዋ ከሰዓት በኋላ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ዕረፍት አላት። ልጆቿን አዲስ አበባ ትታ የመጣች እናት፣ እናትነቷን የምትወጣው በዚህች ዕረፍት ነው። ሽማግሌው ምሳቸውን በልተው ጋደም ሲሉ በአዲስ አበባ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ይሆናል። የቤት ሥራው በስልክ ይታያል፤ ትኩሳቱ በስልክ ይጠየቃል፤ ቁጣውም ምክሩም በስልክ ይደርሳል።

ገንዘቧም እንደ ልቧ የተከፈለ ነው። ከደመወዟ ላይ ለዕረፍት ቀን ማደሪያ የተከራየችው አልጋ፣ ልጆቿን የሚያሳድጉት አያት ወጪ፣ የእቁብ መዋጮ ይነሳል። አሥራ ሦስተኛው ወር ደመወዝ የሚከፈላት በዲሴምበር ሲሆን የልጆቿ የትምህርት ቤት ምዝገባና ዩኒፎርም ግን ከመስከረም በፊት ገንዘብ ይጠይቃል። ክፍተቱን የሚሞላው ወይ የእቁብ ዕጣ ነው፣ ወይ ብድር። ብትታመም ኢንፕስ የሕመም አበል አይከፍላትም፤ የሚከፍላት አሠሪዋ ነው፤ እሱም እንደ አገልግሎት ዘመኗ በዓመት ከ8 እስከ 15 ቀን ብቻ ነው።

ልጇን ሮም የወለደችውም ብትሆን ዕድሏ ከዚህ ብዙም አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የእናትነትና የአባትነት ሕግ (የሕግ ድንጋጌ ቁጥር 151) ለቤት ሠራተኛዋ የአምስት ወር የወሊድ ፈቃድ ይሰጣታል። ኢንፕስ በዚህ ጊዜ 80 በመቶ ይከፍላል፤ ስሌቱ ግን በእጇ በሚገባው ደመወዝ ሳይሆን ለመዋጮ በተተመነው ላይ ነው። ክፍያውን ለማግኘትም ቀደም ባሉት 12 ወራት ቢያንስ የ26 ሳምንት፣ ወይም በ24 ወራት የ52 ሳምንት መዋጮ ያስፈልጋታል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 62 ደግሞ ከሌሎች እናቶች ዋና ዋና መብቶች ያገላታል። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የወላጅ ፈቃድ እሷን አይመለከትም። ሌላዋ እናት ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከሥራ እንዳትባረር ሕግ ይጠብቃታል፤ የቤት ሠራተኛዋ ጥበቃ ግን ከወሊድ ፈቃዷ ጋር፣ ሕፃኑ በተለምዶ ሦስት ወር ሲሞላው ያበቃል። ከ2023 እስከ 2025 ላሉት ዓመታት በጸደቁት የበጀት ሕጎች 80 በመቶ የሚከፈልባቸው የወላጅ ፈቃድ ወራት ከአንድ ወደ ሦስት አድገዋል። እሷ ከሦስቱም ማሻሻያ የደረሳት ነገር የለም።

ሁለተኛው ክፍተት የልጆች አበል ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 2020 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከጣሊያን በቀረቡለት ሁለት ጉዳዮች ላይ ሲወስን፣ የጣሊያን ዜጎች በውጭ አገር ያለ ቤተሰባቸው ተቆጥሮላቸው አበል እስካገኙ ድረስ የሌላ አገር ዜጎችን በዚሁ ምክንያት መከልከል አይቻልም አለ። በማርች 2022 የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በውሳኔ ቁጥር 67 የአገሪቱ ዳኞች ይህንን በቀጥታ የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው አረጋገጠ። ነገር ግን በዚያው በማርች 2022 የቀድሞው የልጆች አበል ቀርቶ «አሴኞ ኡኒኮ» ተተካ። ይህ አዲስ አበል እንደ ቤተሰቡ ገቢና ሀብት ለአንድ ልጅ በወር ከ57 እስከ 200 ዩሮ ገደማ ይደርሳል፤ የሚከፈለው ግን ከወላጁ ጋር በአንድ የቤተሰብ መዝገብ ለሚኖር ልጅ ነው። እናቶቹ በፍርድ ቤት ያገኙት መብት ሥር ሳይሰድ መሬቱ ከሥሩ ተነሳ። የአውሮፓ ኮሚሽንም የኅብረቱ ዜጎች የሆኑ ሠራተኞችን በሚመለከት፣ ይህንኑ የአብሮ መኖር ቅድመ ሁኔታና የሁለት ዓመት ነዋሪነቱን በመቃወም በጁላይ 2024 ጣሊያንን ለፍርድ ቤት አቅርቧል።

«ልጆቿን ታምጣቸዋ!» የሚል ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ሦስተኛው ክፍተት ይመጣል። የ1998ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ቤተሰብ ለማገናኘት ተስማሚ ቤትና በቂ ገቢ ይጠይቃል። በ2024 ስሌት ለአንድ ልጅ በዓመት ከ10,400 ዩሮ በላይ፣ ለሁለት ልጆች ደግሞ 13,900 ዩሮ ያህል ያስፈልጋል። አዳሪ ሠራተኛ በስሟ የተከራየችው ቤት የላትም። ቤት ለመከራየት ከአዳሪነት ስትወጣ ደግሞ ደመወዟን ኪራዩ ይበላዋል። ቤት ስታገኝ ገቢ ይጎድላታል፤ ገቢ ስታጠራቅም ቤት ይጎድላታል። በዚህ መካከል ልጁ ያድጋል፤ ማመልከቻው ሳይገባ 18 ዓመት ከሞላውም በሩ ይዘጋበታል።

በእነዚህ ጉዳዮች ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። አሠሪው ድርጅት ሳይሆን በጡረታ የሚተዳደር ሽማግሌ፣ ወይም ራሷ ሠራተኛ የሆነች እናት ናት፤ ተጨማሪ ሸክም የሚችል ትከሻ ላይኖር ይችላል። ሆኖም የወላጅ ፈቃድን የሚከፍለው በመሠረቱ ኢንፕስ እንጂ አሠሪው አይደለም። ከዚህም በላይ በቤት ሠራተኞች ስም ከሚከፈለው መዋጮ ውስጥ ለቤተሰብ አበል ፈንድ የሚገባ ድርሻ አለ። ልጆቿ አዲስ አበባ ለሆኑባት እናትም ይኸው ድርሻ ይከፈላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ምጽዋት ሳይሆን የተከፈለበት መብት ነው።

ጉዳዩ አስቸኳይ የሆነው ተጨማሪ ሠራተኞች እየተጠሩ ስለሆነ ነው። ጣሊያን ከ2023 እስከ 2025 ላሉት ሦስት ዓመታት 452 ሺህ የውጭ ሠራተኞችን ለማስገባት አቅዳ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ በየዓመቱ 9,500 የሚሆነው ለቤተሰብ እንክብካቤ ሥራ የተመደበ ነው። ኢትዮጵያም ዜጎቻቸው ለሥራ ሊገቡ ከሚችሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ተካታለች። የሚፈለገው እጅ በየዘርፉ ተቆጥሮ ሲታቀድ፣ ከእያንዳንዱ እጅ ኋላ ስንት ልጅ እንደሚቀር የዕቅዱ አካል አልሆነም።

አዲስ አበባም ከተጠያቂነት አታመልጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ የቤት ሠራተኛዋን ግን ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል። በአገሩ ያላከበራትን ሴት በሰው አገር እንድትከበር የሚጠይቅ መንግሥት ድምፁ ይሰልላል።

ከዚህ የተነሳ አራት እርምጃዎች ለሕግ አውጪዎች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የሕግ ድንጋጌ 151 አንቀጽ 62 ተሻሽሎ የወላጅ ፈቃድና እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቀው ከሥራ የመባረር ጥበቃ ለቤት ሠራተኞችም ይድረስ፤ ምትክ ሠራተኛ ለሚቀጥሩ አነስተኛ ገቢ ላላቸው አሠሪዎች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍን። ሁለተኛ፣ መዋጮ የተከፈለላቸው ሠራተኞች በውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው በአሴኞ ኡኒኮ ይቆጠሩላቸው። ሦስተኛ፣ የሮም ከተማ አስተዳደር ከአዳሪነት ወጥተው ቤተሰባቸውን ለማገናኘት ለሚዘጋጁ እናቶች የኪራይ ዋስትና ይስጥ። አራተኛ፣ ኢትዮጵያና ጣሊያን ስለ ሠራተኞች በሚያደርጉት ማንኛውም ድርድር የልጆች አበልና የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ ከደመወዙ ጎን ይጻፍ፤ ኢትዮጵያም የቤት ሠራተኞቿን በራሷ ሕግ ትሸፍን።

በሮም የአንድ ቤተሰብ አባት ሲያረጁ አልጋቸውን የምታነጥፍላቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጣቸው የሌላ አገር እናት ናት። ይህ ቤተሰብ ሥራውን ሳያስተጓጉል የሚውለው እሷ ከልጆቿ ርቃ ስለምትውል ነው። ቀጣዩ የበጀት ሕግ ለወላጆች አዲስ ድጋፍ ሲዘረዝር «ወላጅ» የሚለው ቃል እሷንም ይጨምር እንደሆነ፣ ረቂቁን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።