የበቆሏችንን ዋጋ ነቀዝ አይቁረጥልን

በታኅሣሥ የቡሬ፣ የጃቢ ጠህናንና የሜጫ ገበያ በበቆሎ ይሞላል። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ስለምናወጣው ዋጋው ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ግን የብዙዎቻችን ጎተራ ባዶ ነው። ያን ጊዜ በቆሎ በውድ ዋጋ እንገዛለን። እኛው ዘሪ፣ እኛው አራሚ፣ እኛው ሸማች!

ታዲያ ለምን ቶሎ እንሸጣለን? አንዳንድ ሰው «ገበሬ ማስቀመጥ አያውቅም» ይለናል። ልክ አይደለም። እስቲ እርሳስና ወረቀት አንሡና አብረን እናስላ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው።

አንድ ኩንታል በቆሎ አለን እንበል። በታኅሣሥ ኪሎው 30 ብር ነው። ብንሸጠው 3,000 ብር እናገኛለን። ወደ ሐምሌ ብናቆየው ኪሎው 40 ብር ይሆናል። ነገር ግን ነቀዝ 20 ኪሎውን በላው። የቀረው 80 ኪሎ ነው። ነጋዴው የተበሳውን ፍሬ አይቶ «በ35 ብር ነው የምወስደው» ይላል። 80 ጊዜ 35፣ 2,800 ብር። ሰባት ወር ጠብቀን 200 ብር ከሰርን ማለት ነው! ስለዚህ ቶሎ የሸጠው ሰው ሞኝ አይደለም። ነቀዙን ፈርቶ ነው። ነቀዝ ባይነካው ግን ያው ኩንታል 4,000 ብር ያወጣ ነበር።

ነቀዝ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከማሳው ጀምሮ ነው። በቆሎው ደርቆ ቆሞ ሲቆይ እየበረረ ይገባበታል። ከአሮጌ ጎተራም ይመጣል። እናቲቱ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች። ትሉ እዚያው እየበላ ያድጋል። ቀዳዳውን ስናይ ልጁ አድጎ ወጥቷል። እንግዲህ በቆሎ ሲደርስ ቶሎ እንሰብስብ። ጎተራውንም ጠርገን፣ ያምናውን ትራፊ አውጥተን እናቃጥል።

ከዚያ ማድረቅ ነው። በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ እናስጣ። መድረቁን በጨው እንፈትን። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎ እስከ ሲሶው እንጨምር። ደረቅ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ እናክል። ከድነን እንነቅንቀውና ሩብ ሰዓት እናቆየው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀም ለጥንቃቄ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ እንጨምርለት። እርጥብ በቆሎ ይሻግታል። የሻጋታ መርዝ ደግሞ ብንቀቅለውም ብንጋግረውም አይለቅም። ለዶሮም አይሆንም።

አሁን ፒክስ የሚባል ጆንያ አለ። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጭው የተለመደው ጆንያ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ነቀዝም እንደኛ ይተነፍሳል። አየር እንዳይገባ አጥብቀን ካሰርነው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። የነቀዝ ኪኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰውም ይገድላል፤ ኧረ በምንተኛበት ቤት አናስገባው!

ጆንያው ግን እርጥቡን አያደርቅም። እርጥብ ከገባ ይሻግታል። የሚገባውም የተፈለፈለ ፍሬ ብቻ ነው፤ ቆረቆንዳ ላስቲኩን ይበሳል። መጀመሪያ ላስቲኩን በአየር ነፍተን ቀዳዳ እንፈልግ። ከሞላን በኋላ አየሩን ጨምቀን ሁለቱን ላስቲኮች ለየብቻ፣ ከዚያ ጆንያውን እንሰር። በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገን እናስቀምጥ። አይጥ ከበሳው አለቀ፤ ድመት የሌለን እንሰብበት።

ሁሉንም እናስቀምጥ አንልም። ዕዳ አለ፣ የልጆች ደብተር አለ። ዋጋም ሁልጊዜ አይወጣም። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተርፎ ዋጋው ሲወድቅ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ነበር። ለዕዳው የሚበቃውን እንሽጥ። የቀረውን ግማሹን ለቤት፣ ግማሹን ለክረምት ገበያ ብንከፍለው ይሻላል። የጆንያውንም ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ እናስገባ። ካልተቀደደ ለሚቀጥለውም ዓመት ያገለግላል።

የሚበላውንና የሚሸጠውን ባንድ ጆንያ አንክተት። በየቀኑ ከተከፈተ አየር ይገባዋል፤ ነቀዙም አይሞትም። የታሰረበትን ቀን በላዩ ላይ በከሰል እንጻፍበት፦ «ጥር 12። የሚሸጥ። አይከፈት።» ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ አሁን ያነበዋል።