ወይን ጠጁ መብራት ይቅርብኝ

ፌብሩዋሪ ሲያልቅ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ቤት መስኮት ላይ ባዶ የእርጎ ዕቃ ይደረደራል። ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶብላ ይዘራበታል። ሳምንታት ቆይቶ ያው ወቀሳ ይከተላል፦ «ዘሩ ተበላሽቶ ነው»፣ «የፈረንጅ አፈር አልተስማማውም»። ቡቃያውን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አገዳው እንደ ክር ቀጥኗል፣ ወደ መስታወቱ አጋድሏል፣ ሁለት ቅጠል መሸከም አቅቶት ተኝቷል። የተበላሸ ዘርማ መች ይበቅላል! ያጣው ብርሃን ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይበላለጥም፤ ችግኝ ደጅ ይፈላል። እኛ ያለነው 39 ዲግሪ ላይ ነው። የገና ሰሞን ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ማርች ላይ ቢረዝምም መስኮት የሚያበራው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን የዞረ አፓርታማማ ባይነሳ ይሻላል።

ስለዚህ መብራት ግድ ነው። ወይን ጠጅ የሚያበራውን ግን አልገዛም። ቅጠል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን አብዝቶ ይወስዳል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ነጩም ሁለቱን ይዟል። ደግሞም በወይን ጠጅ ብርሃን ሥር ቅጠሉ ቢጫ መሆን መጀመሩ አይታይም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሎኑን ማስረዳትም አለ። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል ቁጥርም አያታልላችሁ፤ ከሶኬት የሚስበው 100 ገደማ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛውን በትንሹ የተጻፈው ይናገራል።

ለጋራዥ የሚሸጠው ባለ 4 ጫማ ነጭ ኤልኢዲ፣ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን የሚል ከሆነ፣ ይበቃል። ዋናው ነገር አሰቃቀሉ ነው። ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ለሰው እንጂ ለችግኝ አይደለም። በሰንሰለት ወርዶ ከቅጠሉ 10 ወይም 15 ሳንቲሜትር በላይ ይሁን፤ ችግኙ ባደገ ቁጥር ከፍ ይደረግ። ሰዓት ቆጣሪ ገዝታችሁ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት አብሩት፤ ከዚያ ይጨልምለት። 40 ዋት ከሆነ በወር የሚበላው 19 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ጥቂት ዶላር።

ገንዘብ ከተረፈ ከሥር የሚያሞቅ ምንጣፍ ግዙ፤ ቃሪያ ለመብቀል 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይወዳል። ለመዝራትም አትቸኩሉ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት ሲያልቅ የተዘራ፣ ሚያዝያ ሲያልቅ ለደጅ ይደርሳል፤ የዚህ አገር ውርጭም ያኔ አብዛኛውን ጊዜ አልፏል።