ስለ ወረቀትና ስለ ስቲከር መቁረጫ መኪና አመራረጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከይፋት ቆላ የንግድ ከተሞች አንዷ ናት። ሽንኩርቱም፤ ማሾውም፤ ጤፉም በእርስዋ በኩል ያልፋል። ከዚህ ንግድ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ አነስተኛ ሥራ አለ፤ ይኸውም የጽሕፈትና የምልክት ሥራ ነው። የሱቅ መስተዋት ስም ይሻል፤ ባጃጅ በስተኋላዋ የሚለጠፍ ጥቅስ ትሻለች፤ የማር ዕቃና የበርበሬ ከረጢት መለያ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ሠርግ ሲደርስ የጥሪ ካርድ፤ የትምህርት ዘመን ሲያልቅ በቲሸርት ላይ የሚለጠፍ ስም ይፈለጋል። ይህን ሁሉ በምላጭና በማስመሪያ የሚቆርጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ጥቂት ፊደላት ብቻ ይጨርሳል፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የመቁረጫ መኪና ግን ያንኑ በደቂቃዎች ይፈጽመዋል። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ዓይኑን በዚህ መኪና ላይ ቢጥል የሚያስደንቅ አይደለም።

የሚያሳስበው የአመራረጡ ነገር ነው። ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው? ስንት ዓይነት ነገርስ ይቆርጣል?» ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከሁለቱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናው ከተገዛ በኋላ ጌታው ማን ነው?» የሚል ነው። ልብስ ሰፊው በበረንዳው ላይ በእግሩ የሚረግጣት የስፌት መኪና ጨርቅና ክር እስካለ ድረስ ትሰፋለች፤ ለመስፋት የማንንም ፈቃድ አትጠብቅም። አዲሶቹ የመቁረጫ መኪናዎች ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም።

በእጅ ሥራ ወዳዶች ዘንድ በዓለም እጅግ የታወቀው ክሪከት የተባለው የአሜሪካ መኪና ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ መኪና የሚታዘዘው ኩባንያው ራሱ በሚሰጠው ፕሮግራም ነው፤ ሥራ ለማስጀመርም በኢንተርኔት መመዝገብ ግድ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኩባንያው፥ ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍል ደንበኛ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባው የራሱ ሥዕል በወር ከ20 እንዳይበልጥ አደርጋለሁ ሲል አስታወቀ። ደንበኞቹ ብርቱ ተቃውሞ ስላሰሙ አሳቡ በቀናት ውስጥ ተሻረ። መሻሩ መልካም ነው፤ ትምህርቱ ግን አልተሻረም፤ ዋጋው ተከፍሎ ቤት የገባ ዕቃ አሠራሩ ባሕር ማዶ በሚቆረጥ ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷልና።

ለይፋት ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አለ። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የማያስታውስ ነጋዴ የለም። እንዲህ ባለው ጊዜ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ መኪና ከቤት ጌጥነት አያልፍም፤ የቤት ኪራዩ፤ ግብሩና የብድሩ ወለድ ግን አይቋረጡም። ስለሆነም በዚህ አገር እንጀራውን በመኪናው ለሚጋግር ሰው ያለ ኢንተርኔት መሥራት እንደ ተጨማሪ ምቾት ሳይሆን እንደ ዋና መመዘኛ ሊቈጠር ይገባል።

ይህን መመዘኛ የሚያሟሉ መኪናዎች አሉ። ሲልሁዌት የተባለው መኪና ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በነፃ የሚሰጠው ፕሮግራም ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ዓይነት ባይከፍትም ከፍ ያለው ፕሮግራም የሚገዛው በየወሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ ነው። የጃፓኑ ብራዘር ኩባንያ የሚሠራው ስካንንከት ደግሞ የራሱ ማንበቢያ ስላለው በወረቀት ላይ በእጅ የተሣለውን አንብቦ ያለ ኮምፒዩተርም ይቆርጣል። ሦስተኛው ፕሎተር የሚባለው፤ ስቲከርን ከጥቅልሉ እየሳበ የሚቆርጠው መኪና ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በቻይና የሚሠሩ ናቸው። ፕሎተር ወፍራም ቆዳ አይቆርጥም፤ አጠቃቀሙም ለጀማሪ ይከብዳል፤ ነገር ግን ለሱቅ ስምና ለባጃጅ ጥቅስ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይሰፋው የጠረጴዛ መኪና የማይችለውን ስፋት ይችላል።

«ክሪከት ለመማር ይቀላል፤ የተዘጋጀ ሥዕልም ሞልቶለታል» የሚሉ ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም። ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ከተማ ተቀምጦ በትርፍ ጊዜው ለልጆቹ ልደት ጌጥ ለሚቆርጥ ሰው ይህ መኪና ደስታ ይሰጠዋል። ለሱቅ የሚገዛ ግን በሌላ ሚዛን ሊመዝን ይገባል። የጉልበቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ የክሪከት ኤክስፕሎር ምላጩን የሚጫነው በ400 ግራም ያህል ኀይል ሲሆን ሜከር የተባለው ግን እስከ 4 ኪሎ ግራም ይጫናል፤ ይሁን እንጂ ስቲከርና ካርቶን ብቻ ለሚቆርጥ ሱቅ የመጀመሪያው ጉልበት ይበቃል። ለማይሠሩበት ጉልበት ዋጋ መክፈል ትርፉ ኪሣራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚያልቀው ዕቃ ነው። ምላጭ ይደነዝዛል፤ ሥራው የሚለጠፍበት ምንጣፍ በቆላው አቧራ መያዙን ይተዋል፤ ስቲከርም በፀሐይ ከተቀመጠ ሙጫው ይበላሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፤ በአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሠራ ምላጭ የሚጠቀም መኪና ለባለቤቱ የዘወትር ዕዳ ይሆንበታል። ከብዙዎቹ ፕሎተሮች ጋር የሚስማማው የሮላንድ ዓይነት ምላጭ ግን ብዙ ሠሪዎች ስላሉት በቀላል ዋጋ ይገኛል። ለተራ ስቲከር የ45 ዲግሪ፤ ለወፍራም ነገር የ60 ዲግሪ ምላጭ መያዝ ይበቃል። በውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልከው መኪናም ቢሆን መሰኪያው 220 ቮልት የሚችል መሆኑ ሳይነበብ ከኤሌክትሪክ ጋር ሊገናኝ አይገባም፤ የአሜሪካው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነውና።

በጨረር የሚቆርጠውን የሌዘር መኪና ተመልክተው «ይህስ ሁሉን ይቆርጣል» የሚሉም አሉ። ሌዘር ለእንጨትና ለወረቀት መልካም ነው፤ ተራው ስቲከር ግን ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ በሌዘር ሲቃጠል ሳንባን የሚጎዳና ብረትን የሚበላ መርዛም ጋዝ ያወጣል። በጠባብ ሱቅ ውስጥ ይህን መድፈር ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ መኪና የሚገዛ ሰው የራሱን ስቲከርና በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የራሱን ሥራ ይዞ ይሂድ። ሻጩ ኢንተርኔቱን ዘግቶ፤ «ኋ»ን፤ «ጯ»ን፤ «ጬ»ን በአንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት ቈርጦ ያሳየው። ፊደሉ ሳይቀደድ ከተነሣ፤ ምላጩም በሌላ ሱቅ መገኘቱ ከተረጋገጠ፤ ያን ጊዜ ስለ ዋጋው ይነጋገሩ። ይህን ለማሳየት እንቢ የሚል ሻጭ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ለጥገና ለሚመለስ ደንበኛም አይደርስለትም።

የከተማይቱ ነጋዴዎችም በበኩላቸው አንድ ነገር ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ባለ ሱቅ የተለያየ መኪና ከሚገዛ፤ ሦስት አራት ሆነው አንድ ዓይነት ቢመርጡ ምላጩንና ስቲከሩን በጅምላ ያስመጣሉ፤ የአንዱ መኪና ቢበላሽ የሌላው ሥራውን ይጨርስለታል፤ አንድ ጠጋኝም ሁሉን ሊያውቅ ይችላል። የወጣቱ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የእናት ቁጠባ ወይም የብድር ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት፤ መኪናው በእርግጥ የገዢው ይሆን ዘንድ መጠየቅ ከስስት የሚቈጠር ሳይሆን የንግድ ጥበብ መጀመሪያ ነው።